ከፋሽን መድረክ ወደ ዘፈን፦ ግሬስ ጆንስን ያሻገራት መልኳ ነው ወይስ ድምጿ?

የፒያሳ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን።

ታናሽ እህቴ ላለፉት ስድስት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ በሞዴሊስትነት ስትሠራ ቆይታለች። ባለፈው ፋሲካ ቤተሰብ ተሰብስቦ ቡና እየተጠጣ ሳለ ዘፈን ልትቀረጽ እንዳሰበች ነገረችን። እናታችን ምንም አላለች። አባታችን ግን «ልጄ፣ እስከ ዛሬ ሰው አየሽ እንጂ መቼ ሰማሽ?» ብሎ ጠየቃት። ሊያሳዝናት ፈልጎ አልነበረም፤ ከልቡ ማወቅ ፈልጎ ነው። እሷም የምትመልሰው አጥታ ሲኒዋን በሁለት እጇ ይዛ ስታዞር ቆየችና በረካው ሳይቀዳ ተነሥታ ወጣች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከእሷ በፊት በዚህ መንገድ ስለሄዱ ሰዎች የማገኘውን ሁሉ አነብባለሁ፤ ከሁሉም ይልቅ የያዘችኝ ግሬስ ጆንስ ናት። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1948 ጃማይካ ውስጥ ስፓኒሽ ታውን በምትባል ከተማ ተወለደች። ወላጆቿ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ከወንድሞቿና ከእኅቶቿ ጋር በሴት አያቷና በአያቷ ባል እጅ ቀርታ፣ በጴንጤቆስጤ እምነት ጥብቅ ሥርዓትና በአለንጋ አደገች። በ13 ዓመቷ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ወደምትገኘው ወደ ሲራኪዩስ ሄደች፤ ገና በ18 ዓመቷ በኒውዮርክ ከተማ ዊልሄልሚና ለተባለው የሞዴሊስቶች ወኪል ድርጅት መሥራት ጀመረች፤ በ1970 ደግሞ ወደ ፓሪስ ተሻገረች። ከ1977 እስከ 1979 ባሉት ሦስት ዓመታት ሦስት የዲስኮ አልበሞች አወጣች። በ1980 ግን ያው ሰው መሆኗን እስክጠራጠር ድረስ ሌላ ዓይነት ዘፋኝ ሆና ተገኘች።

ጥያቄዬ ስለዚህ ለውጥ ነው። በ1979 እና በ1980 መካከል ምን ተፈጠረ? ሰው የገዛው ፎቶግራፉን ነው ወይስ ዘፈኑን? በሞዴሊስትነት ያሳለፈቻቸው ዓመታትስ ለዘፈኗ የሰጧት ነገር አለ ወይስ ልትሸሸው የሚገባ ሸክም ብቻ ነበሩ? ሙዚቃ የምታውቁም ፋሽን የምታውቁም ብትመልሱልኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው፤ የምትጽፉትን ሁሉ ለእህቴ አነብላታለሁ።

ባስ መቺው

የተከበሩ ጠያቂ፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነው ጣትዎን ያሳረፉት። እኔ ሃያ ዓመት ያህል ባስ ጊታር ስጫወት ስለኖርኩ መልሴ ወደ ባሱ ቢያደላ ይቅር ይበሉኝ፤ ግን በዚህች ሴት ታሪክ ውስጥ ባሱ የጎን ጉዳይ አይደለም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት አልበሞች ያዘጋጀላት ቶም ሞልተን ነበር። በዲስኮ ዘመን ዘፈን አርዝሞና አገጣጥሞ ለዳንስ ቤት በማዘጋጀት ስመ ጥር የነበረ ሰው ነው። የመጀመሪያውን አልበም የቀረጹት ፊላደልፊያ በሚገኘው በሲግማ ሳውንድ ስቱዲዮ ሲሆን፣ ቫዮሊኑ፣ ጥሩምባው፣ አጃቢ ድምፃውያኑ ሁሉ የሞላበት ሥራ ነው። የሸክላው አንድ ገጽ ከመድረክ ቴአትሮች የተወሰዱ ሦስት ታዋቂ ዘፈኖችን ሳያቋርጥ ያስኬዳል። እነዚያ ዘፈኖች የተጻፉት ድምፃቸውን ወደ ላይ ስበው እዚያው ከፍታ ላይ ማቆየት ለሚችሉ የቴአትር ዘፋኞች ነው። የግሬስ ድምፅ ደግሞ ለሴት ዝቅ ያለ፣ ወፍራምና ስፋቱ ጠባብ ነው። ስለዚህ ስትሰሟት ከዜማው ጫፍ ለመድረስ ስትንጠራራ ይሰማችኋል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ትደርሳለች፣ አንዳንድ ቦታ ላይ አትደርስም። ድምፅ የላትም የሚለው ሐሜት የመጣው ከዚህ ይመስለኛል፤ እኔ ግን ጥፋቱን የማየው በድምጿ ላይ ሳይሆን በዘፈኖቹ አመራረጥ ላይ ነው። እዚያው አልበም ውስጥ ኤዲት ፒያፍ የዘፈነችውን የቆየ የፈረንሳይ ዘፈን በጊታር ጀርባ ላይ ቀስ አድርጋ፣ ከሰባት ደቂቃ በላይ ወስዳ ስትዘፍነው ስሙ፤ ማንም አያጣድፋትም፣ ማንም ወደ ላይ አይጎትታትም። ያ ዘፈን በአውሮፓ የተወደደላት ያለ ምክንያት አይደለም።

1979 ላይ ዲስኮ በአሜሪካ ክፉኛ ተጠላ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ቺካጎ ውስጥ በአንድ የቤዝቦል ስታዲየም የዲስኮ ሸክላዎች በሕዝብ ፊት ተከምረው በፈንጂ እስከመቃጠል ተደርሷል። ሦስተኛው አልበሟ የወጣው እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው። አልበሞቿን ያሳትም የነበረው የአይላንድ ሬከርድስ ባለቤት ክሪስ ብላክዌል፣ እሱም በጃማይካ ያደገ ሰው ነውና፣ መንገዱን ፈጽሞ ለመለወጥ ወሰነ። ባሃማስ ውስጥ ናሶ አጠገብ ኮምፓስ ፖይንት የሚባል የራሱ ስቱዲዮ ነበረው። ከጃማይካ ስላይ ደንባርን ለድራም፣ ሮቢ ሼክስፒርን ለባስ፣ ማይኪ ቻንግን ለጊታር፣ ስቲኪ ቶምሰንን ለሌሎቹ የምት መሣሪያዎች አስመጣ፤ ከአውሮፓ ደግሞ እንግሊዛዊውን ጊታሪስት ባሪ ሬይኖልድስንና ከቤኒን ቤተሰብ ፓሪስ የተወለደውን የኪቦርድ ተጫዋች ዋሊ ባዳሩን ጨመረላቸው። ብላክዌል ራሱ የሚተርከው አንድ ነገር አለ፤ የግሬስን ትልቅ ፎቶግራፍ በስቱዲዮው ግድግዳ ላይ አሰቅሎ ለሙዚቀኞቹ፣ ይህ ምስል የሚመስለውን የሚመስል ድምፅ አውጡልኝ አላቸው።

እባክዎ እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡት። የእርስዎ አባት ለእህትዎ ያቀረቡት ጥያቄ መልስ የተጀመረው ከዚያ ግድግዳ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በፊት ፎቶግራፉ የሸክላው ልባስ ነበር፤ ውስጡ ያለው ሙዚቃ ግን የማንም ሴት ሊሆን የሚችል ሙዚቃ ነበር። ናሶ ላይ ፎቶግራፉ እንደ ኖታ ተነበበ። ፊቷ ላይ ያለው ሹል ጠርዝ፣ የተላጨው ፀጉር፣ ሰውን ሳያባብል ትኩር ብሎ የሚያየው ዓይን፣ ይህ ሁሉ ወደ ድራምና ወደ ባስ ተተረጎመ። ሮቢ ብዙ ኖታ አይመታም፤ ሁለት ሦስት ድምፅ ይመታና ዝም ይላል፤ ዝምታው ራሱ ምት ይሆናል። ቫዮሊኑ ጠፋ። መሐል ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ ተፈጠረ፤ እሷም እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ቆማ ተናገረች።

ተናገረች ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። በ1980 በወጣው ዋርም ሌዘሬት እና በ1981 በወጣው ናይትክለቢንግ በተባሉት አልበሞች ውስጥ ብዙ ቦታ ላይ ቃሉን የምትዘፍነውን ያህል ትናገረዋለች። ለእኛ ጆሮ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ፎካሪ ዜማውን አያስረዝምም፤ ቃሉን ምት ላይ ያሳርፈዋል፣ ክብደቱን ይሰጠዋል፣ ያቆማል፣ ሰውየው የቆመበት አኳኋን ደግሞ የፉከራው ግማሽ ነው። እንዲህ ላለ አዘፋፈን ዝቅ ያለ ድምፅ ጉድለት ሳይሆን ጸጋ ነው።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልጨምር። በናይትክለቢንግ ውስጥ አርጀንቲናዊው አስቶር ፒያሶላ የደረሰው ታንጎ በሬጌ ምት ላይ ተቀምጦ ይገኛል። አኮርዲዮኑ ከቡዌኖስ አይረስ፣ ባሱ ከኪንግስተን ነው። መካከል ላይ ሙዚቃው እየሄደ ሳለ ግሬስ በፈረንሳይኛ መናገር ትጀምራለች፤ ንግግሩ በሌሊት መንገድ ላይ የምትሄድ ሴት የምታጉረመርመው ነው የሚመስለው። ያንን ፈረንሳይኛ ከየት አመጣችው? ከፓሪስ ነው፤ ለፎቶግራፍና ለመድረክ ስትሠራ ከኖረችባቸው ዓመታት። ስለዚህ የሞዴሊስትነቷ ዘመን ለዘፈኗ ምን ሰጣት ለሚለው ጥያቄዎ አንዱ መልስ በዚያ ዘፈን ውስጥ በጆሮ ይሰማል።

ልብስ ሰፊዋ

ወንድሜ፣ ባስ መቺው የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ ሙዚቃው የምጨምረው የለኝም። እኔ ግን አሥር ዓመት በሞዴሊስትነት ሠርቼ አሁን ሽሮ ሜዳ የራሴን ልብስ ስፌት ቤት የከፈትኩ ሴት ነኝና ስለ ሌላው ወገን ልናገር።

ሞዴሊስት ዝም ብላ የምትታይ ፍጡር ናት ብሎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው። መድረክ ላይ የምትራመድ ልጅ ሙዚቃውን በእግሯ ትቆጥራለች። መዞሪያው ጋ ስትደርስ ስንት ምት መቆም እንዳለባት፣ መብራቱ ከየት በኩል እንደሚያገኛት፣ ጨርቁ ከሰውነቷ ዘግይቶ እንደሚዞርና ያን መዘግየት መጠበቅ እንዳለባት ታውቃለች። የሐር ቀሚስና የሸማ ቀሚስ እኩል አይዞሩም፤ ሸማው ከብዶ ቀድሞ ይወድቃል፣ ሐሩ ይቆያል። ይህን የለመደ ሰውነት ዝምታን አይፈራም። ብዙ ጀማሪ ዘፋኞች ደግሞ ከሁሉ የሚፈሩት ዝምታን ነው፤ ሙዚቃው ባዶ ቦታ ሲሰጣቸው በጩኸት ይሞሉታል። ባስ መቺው መሐል ላይ ያለው ሰፊ ቦታ ያሉትን ግሬስ ሳትሞላ ማቆየት የቻለችው ስቱዲዮ ገብታ ተምራ ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት ለዓመታት መቆምን ስለተለማመደች ይመስለኛል።

ፓሪስ ላይም ቢሆን በር አልተከፈተላትም ነበር። ራሷ በትዝታ መጽሐፏ እንደምታወሳው፣ በዚያ ከተማ አንድ የወኪል ድርጅት ሰው ጥቁር ሞዴሊስት መሸጥ ማንም የማይፈልገውን አሮጌ መኪና እንደመሸጥ ነው ብሏታል። እሷ ግን ከጄሪ ሆልና ከጄሲካ ላንግ ጋር አንድ ቤት ተጋርታ እየኖረች ለኢቭ ሴን ሎራንና ለኬንዞ ተራመደች፤ እንደ ኸልሙት ኒውተን ያሉ ፎቶግራፈሮችም አነሷት። ጥቁረቷን ለማለሳለስ፣ ፀጉሯን ለማስረዘም፣ ፈገግ ለማለት አልሞከረችም። ሰው የማይገዛው ነው የተባለውን ነገር ይበልጥ አጠነከረችው። ኋላ በዘፈንም ያደረገችው ያንኑ ነው፤ ዝቅ ያለውን ድምፅ ይበልጥ ዝቅ አደረገችው።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። ዣን ፖል ጉድ የሚባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊና ፎቶግራፈር የግሬስን ምስል ከገነቡት ሰዎች ዋነኛው ነው፤ በ1979 የተወለደ ወንድ ልጅም አላቸው። በ1978 የሠራው አንድ ምስል አለ፤ ሁላችሁም ሳታዩት አልቀራችሁም። በአንድ እግሯ ቆማ፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ ማይክሮፎን በእጇ ይዛ፣ ሰውነቷ እንደ ቀስት ተወጥሮ ይታያል። በ1985 የወጣው የምርጥ ዘፈኖቿ ስብስብ ሽፋን ሆኗል። እኔ በወጣትነቴ ያን አቋቋም መስታወት ፊት ስሞክር ብዙ ጊዜ ወድቄአለሁ። ኋላ ነው የተረዳሁት፤ ያን አቋቋም ማንም ሰው ሊቆመው አይችልም። ጉድ ብዙ ፎቶግራፎችን አንሥቶ፣ ቆራርጦ፣ እግሩን ከአንዱ ክንዱን ከሌላው ገጣጥሞ ነው የሠራው። ደስ የሚል ጥበብ ነው፤ ግን ከሴቲቱ በላይ የሆነ ሴት ተሠራላት ማለት ነው። ምስሉ በተሠራበት በ1978 ደግሞ እንደ አውሬ በፍርግርግ ውስጥ ሆና የምትታይበት ትርኢት ቀረበ፤ ያ ጥቁርን ሰው እንደ አውሬ የማየት የቆየ ንቀት ነው ብለው የተቆጡ ሰዎች ነበሩ፣ እኔም ያንን ምስል ሳይ እስከ ዛሬ ሆዴን ያመኛል። ግሬስ የራሷን ድርሻ በኩራት ነው የምትናገረው፤ እኔ በፍላጎቷ አልነበረም አልልም። የምለው፣ ምስልሽን ሌላ ሰው ሲሠራልሽ ምን ያህሉ አንቺ እንደሆንሽ በየጊዜው መጠየቅ እንዳለብሽ ነው።

በራሴ የደረሰውን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሞዴሊስት ሳለሁ አንድ ሙዚቃ አሳታሚ ጠርቶኝ ነጠላ ዜማ ተቀረጽኩ። ሦስት ሌሊት ነው የፈጀው። ከወራት በኋላ ዘፈኑ ሲወጣ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት፤ ሽፋኑ ላይ ያለችው እኔ ነኝ፣ አዝማቹን የምትዘፍነው ግን ሌላ ሴት ናት። ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም። እሷም ስሟ የትም አልተጻፈም። አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች ዘፈኑን ወደውት አብረው ያንጎራጉሩ ነበር። እኔ ሳሪስ መውረድ ሲገባኝ ቃሊቲ ደረስኩ።

ስለዚህ ለእህትዎ እንዲህ ይበሉልኝ። ከስቱዲዮ ጋር ከመዋዋሏ በፊት ድምጿ በሌላ ሰው ድምፅ እንደማይተካ በውሉ ላይ ይጻፍላት፤ የመጨረሻውን ቅጂ ሳትሰማ እንደማይወጣም ይጻፍላት።

ከቶሪኖ

የእህታችን የልብስ ሰፊዋ ታሪክ እዚህ ጣሊያን ውስጥ የታወቀ ነገር ነው ብል ያጽናናቸው ይሆን? በ1989 ብላክ ቦክስ የተባለ የጣሊያን የዳንስ ሙዚቃ ቡድን በአውሮፓ ሁሉ ገነነ። በቪዲዮው ላይ የምትታየው ካትሪን ኪኖል የተባለች ፈረንሳዊት ሞዴሊስት ነበረች፤ ስሙን ባስጠራው ዘፈን ላይ የሚሰማው ግን ሎሊያታ ሃሎዌይ የተባለች አሜሪካዊት ቀደም ሲል ከዘፈነችው ዘፈን ተቆርጦ የገባ ድምፅ ነበር። ቀጥሎ በወጣው አልበም ውስጥ ብዙዎቹን ዘፈኖች የዘፈነችው ማርታ ዋሽ ስሟ ሳይጠቀስ በመቅረቱ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳለች። በዚህ ነገር የተጎዱት ዘፋኞቹ ብቻ አይደሉም። ሞዴሊስቷም ለሕዝብ የቀረችው ከንፈሯን ያንቀሳቀሰች ሴት ሆና ነው። የአባታችሁ ጥያቄ፣ አየሽ እንጂ ማን ሰማሽ የሚለው፣ ከዚያ ዘመን ወዲህ ሞዴሊስት ማይክሮፎን በያዘች ቁጥር ሳይነገር የሚጠየቅ ይመስለኛል።

የምኖርበት ከተማ ልጅ ስለሆነች ካርላ ብሩኒን ላንሣ። በ1967 እዚህ ቶሪኖ ተወለደች፤ በልጅነቷ ቤተሰቧ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። እናቷ ፒያኖ ተጫዋች ናት፤ ያሳደጋት አባቷ ባለ ፋብሪካም የኦፔራ ደራሲም ነበር። በ19 ዓመቷ ሞዴሊስት ሆነች፤ በ1990ዎቹ በዓለም ከፍተኛ ገንዘብ ከሚከፈላቸው መካከል ነበረች። ሥራውን ስታቆም ገና ሠላሳ ዓመት አካባቢ ነበረች። ከዚያ በቀጥታ ዘፋኝ ነኝ ብላ አልወጣችም፤ ግጥም ጽፋ ዡሊያን ክሌር ለተባለው ፈረንሳዊ ድምፃዊ ሰጠች፣ እሱም በ2000 ባወጣው አልበም ዘፈነው። ሰው መጀመሪያ ያያት ሳይሆን በሌላ ሰው አፍ የሰማት ማለት ነው። በ2002 የራሷን አልበም ስታወጣ ጊታርና ድምፅ ይበዛበት ነበር፤ ሌላው ሁሉ ወደ ኋላ ቀርቷል። ያዘጋጀላት ጊታሪስቱ ሉዊ ቤርቲኛክ ነው። ድምጿ ትንሽና ሻካራ ናት፤ ማይክሮፎኑ ወደ አፏ በጣም ስለቀረበ እስትንፋሷ ሁሉ ይሰማል። አልበሙ በሚሊዮን ተሸጦላታል፤ በ2004 የፈረንሳይ የሙዚቃ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ሴት ድምፃዊ ብሏታል።

በሁለቱ ሴቶች መካከል ምንም መመሳሰል ያለ አይመስልም፤ አንዷ ፎካሪ፣ ሌላዋ ሹክሹክታ ናት። ነገር ግን ሁለቱም ያላቸውን ውስን ድምፅ ትልቅ ለማስመሰል አልሞከሩም። በአንጻሩ ናኦሚ ካምፕቤል በዓለም የታወቀች ሞዴሊስት በነበረችበት ጊዜ፣ በ1994፣ ብዙ አዘጋጆች የተባበሩበት አልበም አወጣች፤ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ከ75ኛ ደረጃ አላለፈም። አልበሙን አዳምጬዋለሁ። መጥፎ አይደለም፤ የማን እንደሆነ ግን አይለይም።

የፒያሳ ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሁሉንም ለእህቴ አነበብኩላት። ልብስ ሰፊዋ፣ የእርስዎ ታሪክ ላይ ስደርስ እህቴ እንድደግመው ጠየቀችኝ፤ ስለ ውሉ የጻፉትንም በእጇ ገልብጣ ወሰደችው።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ለባስ መቺው አለኝ። ግሬስ ናሶ ላይ የዘፈነቻቸው ብዙዎቹ ዘፈኖች የሌሎች ሰዎች ድርሰቶች እንደነበሩ አነበብኩ። ታዲያ የራሷ የምንለው ምኑን ነው? እህቴ ከዚህ በኋላ የራሴን ግጥም ካልጻፍኩ አልቀረጽም እያለች ነው።

ባስ መቺው

የመጀመሪያው የናሶ አልበም አብዛኛው የሌሎች ዘፈን ነበር፤ እውነት ነው። በሁለተኛው ግን የራሷ ግጥሞች እየበዙ መጡ፤ በ1982 በወጣው ሦስተኛው ላይ ከአንድ ዘፈን በቀር ሁሉም የእሷ እጅ አለበት፣ አብዛኛውን ከባሪ ሬይኖልድስ ጋር ጽፋዋለች። ከመካከላቸው ስለ አንድ ጃማይካዊ ወንድ የሚናገረውን ለብቻዋ ጻፈችው፤ ቋንቋውም የትውልድ አገሯ ሰዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት አነጋገር ነው። ኒውዮርክና ፓሪስ ከኖረች በኋላ ወደ ስፓኒሽ ታውን አፍ ተመለሰች። ስለዚህ ለእህትዎ የምላት፣ ግጥም መጻፉ መልካም ነው፤ ግን በሌላ ሰው ዘፈን መጀመር ነውር አይደለም፣ ዘፈኑን ድምጿ ወደሚገኝበት ቦታ ካመጣችው የእሷ ይሆናል። ግሬስ በ2008፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝምታ በኋላ፣ አዲስ አልበም ስታወጣ አንዱን ዘፈን የጻፈችው ስለ እናቷ ወገን ነው፤ የአባቷ ቤት የሰባኪ ቤት፣ የእናቷ ቤት የሙዚቀኛ ቤት ነበርና ደሜ ከዚያኛው ነው ትላለች። ያን ለመጻፍ ስድሳ ዓመት ነው የፈጀባት፤ እህትዎ ገና ብዙ ጊዜ አላት።

ከስቱዲዮ በፊት አንድ ነገር ታድርግልኝ። የምትወደውን አንድ ትዝታ ትምረጥና ቤት ውስጥ ያለ ሙዚቃ፣ መጀመሪያ እንደ ንግግር ትበለው። ከዚያ ስትናገረው ድምጿ በራሱ ያረፈበትን ቦታ ሳትለቅ ትዝፈነው። በስልክ ቀድታ ትላክልኝ፤ ለዚያ ከፍታ የሚስማማ የባስ መስመር ሠርቼ እመልስላታለሁ።

የፒያሳ ልጅ (ጠያቂ)

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። እህቴ እንዳሉት አደረገች። በመጀመሪያው ቀን ስትናገረው ድምጿ ከምትዘፍንበት በጣም ዝቅ ብሎ ስለተገኘ ደነገጠች፤ እንዲህ ያለ ወፍራም ድምፅ እንዳላት እኛም አናውቅም ነበር። አሁን በየማታው ጓዳ ውስጥ ቆማ ትለማመዳለች። አባታችን ዜና እየሰማ የሬዲዮኑን ድምፅ ይቀንሳል፤ ምንም አይናገርም። ትናንት የቀዳችውን በውስጥ መስመር ልኬልዎታለሁ። ሁለተኛው ቤት ላይ ሆን ብላ አንድ ምት ያህል ዝም ትላለች፤ ስሕተት አይደለም፣ እዚያ ቦታ ላይ ባሱም ዝም እንዲል ትፈልጋለች።

ባስ መቺው

ደርሶኛል። ዝምታውን ሰምቼዋለሁ፤ እንደተባለው ባሱንም አቆመዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቃል ግን ትንሽ ትቸኩልበታለች፤ አንድ ምት ትጨምር፣ ደግማም ትላክልኝ።